ያልተጨቃጨቁበት ዕጣ

ኅዳር 3

የጥርስ ሐኪሙን በር ጨረስኩ። ማጠፊያው ሲጢጥ ይላል... ነገ ዘይት።

ከሰዓት በኋላ ባለ መኪናው ወርክሾፔ መጣ። የሰፈሩን ቲማቲም ሁሉ የሚገዛው እሱ ነው፤ ሌላ ገዢ የለም። ቆሞ ማውራት አያውቅም። ታጣፊ ወንበሩን ከጭነት መኪናው አውርዶ መላጊያዬ አጠገብ ዘረጋና ተቀመጠ። ከአባባ መሬት የእኔን ግማሽ መግዛት ይፈልጋል። ጉድጓዱ ያለው እኔ ጋ ነው። የታላቅ እህቴ የእትዬ ግማሽ አፈሩ ይሻላል፣ ውሃ ግን የለውም። አባባ ሲያካፍለን ለምን እንዲህ እንዳደረገ ተናግሮ አያውቅም።

"አንተ መቼም ዶማ አትይዝ" አለኝ። "መሬቱ ምን ያደርግልሃል?"

እውነቱን ነው። "ላስብበት" አልኩት። አፌ ነው እንጂ ዓይኔ ዘወትር የማወራለት የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን በብሩ ተገዝቶ የትኛው ጥግ እንደሚቆም ይለካ ነበር።

ኅዳር 6

እትዬ ምሳ ጠራችን፣ እኔንና ባለቤቴን። ነገር እንዳላት ገባኝ። ነገር ሲኖራት ሳህኖቹን ሁለት ጊዜ ትወለውላለች።

ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታሉ ስልክ አገናኝ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንደ ሰፈሩ ሰው አትክልት ታለማለች። አሁን ደግሞ የሰፈሩን አልሚዎች በአንድ ማኅበር ልታሰባስብ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። እዚህ ሰፈር አንዱ ዶማ ሲያነሳ ከተሰማ ሁሉም ያነሳል። ሁሉም ጎረቤቱን በአጥር ቀዳዳ እያየ ይዘራል። እናም የሁሉም ቲማቲም በአንድ ሳምንት ይቀላል። ባለ መኪናው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደስ ያለውን ዋጋ ይጠራል፤ ያልገዛው ይበሰብሳል።

"በተራ ነው የምንዘራው" አለች። "መጀመሪያ የአባባ መሬት፣ የጋራ ሆኖ፣ ሁሉም እየሠራበት። ከዚያ ጓሮዎቹ አንድ በአንድ፣ በዕጣ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ በየሳምንቱ ካመጣችሁልኝ ዓመቱን ሙሉ እወስዳለሁ ብላኛለች።"

"የአባባ መሬት ሁለቱም ግማሽ?"

"ሁለቱም።"

"ጉድጓዱስ?"

"ጉድጓዱማ ያንተ ነው።" ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ስለ ባለ መኪናው ነገርኳት። "አውቃለሁ፣ ወንበሩን ሲዘረጋ አይቼዋለሁ" አለች። "ችግኙ መሬት እስኪገባ ብቻ ቆየኝ፣ አንተ ልጅ። ከዚያ የፈለግከውን አድርግ።"

ሃምሳን ካለፍኩ በኋላም "አንተ ልጅ" ነኝ። አልለመነችኝም። የከበደኝ አለመለመኗ ነው። እሺ አልኩ።

ኅዳር 14

ዕጣው ዛሬ እትዬ ግቢ ወጣ። የተጠቀለለ ወረቀት በባልዲ። የሰፈሩ አልሚ አንድም አልቀረ። ጡሩንባም ነበር... ስሙ ሌላ ነው፣ ግን ሲያንሾካሹክ እንኳ ማዶ ይሰማል። ጎረቤታችን ነርሷም ከሥራ በቀጥታ መጣች፣ ከነጋውኗ። ለኛ ጓሮ ዕጣውን ባለቤቴ አነሳች።

መጨረሻው ለጡሩንባ ደረሰው። መጨረሻ መጥፎ ነው፤ ተራው ሲደርስ ዝናብ ይገባበታል፣ ቲማቲም ደግሞ ዝናብ አይወድም። እሱ ግን ከሁሉ በላይ አጨበጨበ።

ማንም አልተጨቃጨቀም። ዶሮ አጥሬን ዘለለች ብሎ ዓመት የሚኳረፍ ሰፈር! ተሳስቆ፣ ተመራርቆ፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ተበተነ። እንዲህ በሠለጠነ ሕዝብ መካከል መኖሬን አላውቅም ነበር።

እትዬ ብቻ ባልዲውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ፊቷ ጨለም ብሏል። ምን ሆነች?

ኅዳር 15

ባለቤቴ አሮጌውን አንሶላ ፈልግልኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 2

የነርሷን የፎቅ መስኮት ሳስተካክል ዋልኩ። ክፈፉ አብጦ አልዘጋ ብሏታል።

መሰላል ላይ ሲወጣ ሰፈሩ ሌላ ነው። ጓሮ ሁሉ ነጭ። አንሶላ፣ አንሶላ፣ አንሶላ። ዛሬ የምን የልብስ አጠባ ዘመቻ ነው አልኩ። ደግሞ ገመድ ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ፣ በአጫጭር እንጨት ተወጥሮ።

ከዚያ ነፋስ መጣ። የጡሩንባ አንሶላ ጫፉ ተገለበጠ። ሥሩ አረንጓዴ። የቲማቲም ችግኝ፣ እንደ ሣር የተጠቀጠቀ። የሚቀጥለው ጓሮም። የነርሷም፣ እዚሁ ከእግሬ ሥር።

"ምነው ሥራ አቆሙ?" አለችኝ ነርሷ በመስኮቱ።

"አንሶላ እየቆጠርኩ ነው።"

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ፀሐዩ... ለማድረቅ ጥሩ ስለሆነ ነው" አለች። ቀጥላም "ሌላው ሲዘራ እኔ ብቻ ልቅር?"

ሁሉም ዘርቷል! ዕጣ አውጥቶ፣ አጨብጭቦ፣ ቤቱ ገብቶ፣ በማግስቱ ዘርቷል። ሁሉም ሌላው እንደሚያጭበረብር እርግጠኛ ነበር። ሁሉም ትክክል ነበር።

እንዲህ እየሳቅኩ ቤት ደረስኩ። ከዚያ ነው ያ አሮጌ አንሶላ ትዝ ያለኝ። ጓሮ ዞርኩ። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ ተወጥሮ።

"አንቺም?"

"ታዲያ እኔ ከማን አንሼ?" ባለቤቴ ዓይኗን በጨው አጥባ። "እትዬን እኮ አላስቀየምኳቸውም። እሳቸው አላዩም።"

"ሥራሽን ሸፍነሽ አላዩም ትያለሽ?"

"በአንሶላ መሸፈን ለብርድ ነው" አለችና በሩን ዘጋች።

ታኅሣሥ 3

ለእትዬ ልነግራት ሄድኩ። መንገድ ላይ እንዴት እንደምጀምር ስለማመድ... ልቧ ይሰበራል፣ ማኅበሩም አለቀለት፣ እኔም ለባለ መኪናው እሸጣለሁ። እንዲያውም ቀለለኝ። ማሽኑን እንደገና ማሰብ ጀምሬያለሁ።

የአባባ መሬት ላይ አገኘኋት፣ በእሷ ግማሽ። ችግኝ የሚፈላበትን መደብ ከቡጢ ባላነሰ ድንጋይ ዙሪያውን አጥራዋለች። አፈሩ ተነፍቷል፣ ለስልሷል፣ ረጥቧል። ግን ባዶ ነው። አንድ ቅጠል የለበትም። የጋራው ችግኝ አሁን መብቀል ነበረበት።

"እትዬ፣ ዘሩ አልያዘም እንዴ?"

"አልዘራሁም።"

"እንዴት አልዘራሽም?"

"ሰፈሩ እየዘራልኝ አይደል?"

ወንፊቱን አስቀመጠችና ተቀመጠች። እኔም ከጎኗ። ታውቃለች! ከዕጣው ቀን ጀምሮ ታውቃለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። አልተጨቃጨቁም እኮ። መጨረሻው የወጣለት ሰው አጨበጨበ። አንተ ልጅ፣ ስልክ ላይ ሰው ሲጮህብህ መስመሩ አለ ማለት ነው። ድንገት ጸጥ ካለ ነው ተቆረጠ የምትለው።"

 

"አትናደጅም?"

"ተናድጃለሁ እንጂ። ሦስት ቀን ከሰው አልተነጋገርኩም፣ አላስተዋልክም። ከዚያ አሰብኩ። የፈሩት እኔን አይደለም፣ ጎረቤታቸውን ነው። ስለዚህ የአንዱ ከአንዱ እንዳይለይ ማድረግ ነው።" አየችኝ። "ሳጥን ሥራልኝ። ብዙ። ሁሉም አንድ ዓይነት። ምልክት የሌለበት፣ ቀለም የሌለበት።"

ባለቤቴም እንደዘራች ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"ከበርሜሉ ጀርባ" አለች።

ታኅሣሥ 7

ለሳጥን የሚሆን ጣውላ የለኝም። ያለኝ የሰው በር ነው። እትዬ ዘንድ ሄጄ ቁጥሩን ላሳንሰው፣ አራት ብቻ ልሥራልሽ ልላት ነበር።

የአባባን መሬት ለሁለት የሚከፍለው አጥር... እኔው ነኝ የሠራሁት፣ በክፍፍሉ ዓመት። ጣውላው ደህና እንጨት ነው። ስፋቱ ልክ የሳጥን ጎን። መዶሻዬን አውጥቼ አንዱን ነቀልኩ፣ እስቲ ምን ይመስላል ብዬ። ከዚያ ሁለተኛውን።

ሲመሽ አጥር የለም። የጣውላ ክምር አለ።

ይህን ሳደርግ ምን አስቤ ነበር? ምንም። ሳጥን ነበር ያሰብኩት።

ታኅሣሥ 9

ባለ መኪናው ሜትር ይዞ መጣ፤ ሊለካ። ቀድሞ ወንበሩን ዘረጋ፣ ከዚያ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ ተነሳ።

"ድንበሩ የታለ?"

"ወርክሾፕ ነው" አልኩት። "ሳጥን ሆኗል።"

የምቀልድ መሰለው። ወዲያ ተራመደ፣ ወዲህ ተራመደ። እትዬ ቀና ሳትል ድንጋይ ትለቅማለች። "እመቤት፣ የእርስዎ የት ላይ ነው የሚያበቃው?" አላት።

"እሱን ወንድሜን ጠይቀው፣ አጥሩን የሠራው እሱ ነው።"

"አፈረስኩት እኮ" አልኩ።

"ወረቀት ላይ አለ" አለ ባለ መኪናው። አለ፣ ልክ ነው። ቁርጥህን ንገረኝ አለኝ። ችግኙ መሬት እስኪገባ አልኩት፤ ለእህቴ የሰጠኋት ቃል ነው። ወንበሩን አጥፎ ሄደ። ዋጋውን ከፍ አድርጎ ነው የሄደው። ለምን ደስ አላለኝም?

ታኅሣሥ 11

እትዬ ቤት ለቤት ስትዞር ዋለች። ሳጥን እየተሸከምኩ ተከተልኳት፣ ሁሉንም ሰማሁ። ስለ ዕጣ አልተነፈሰችም። ስለ አንሶላ አልተነፈሰችም። በየበሩ ያው አንድ ነገር ነው፦

"የጋራው መደብ ባዶ ሆኖብኛል። በስህተት የበቀለ ችግኝ ካላችሁ እሑድ አምጡልኝ።"

በስህተት የበቀለ! ነርሷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጡሩንባ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እኔ ጋ እንኳ... ትንሽ ያለ ይመስለኛል። ወፍ የጣለው ይሆናል።"

"ወፎቹ ዘንድሮ በርትተዋል" አለች እትዬ። "በመስመር ነው የሚጥሉት አሉ።"

ስንወጣ ከኋላችን ሲስቅ ሰማሁት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ታኅሣሥ 16

እሑድ። ሁሉም መጣ። በሳህን፣ በገንዳ፣ በሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር ተሸክሞ። ማንም የማንንም ዓይን አያይም። ባለቤቴም ከበርሜል ጀርባ ያለውን ይዛ መጣች፣ አንገቷን ደፍታ። ችግኙ ሲከመር የአባባን መሬት ሦስት ጊዜ የሚሞላ ነው።

እትዬ ሳጥኖቼን በረድፍ አስደረደረች። "ሁሉም ሰው የሰው ችግኝ ያንሳ፣ የራሱን አይንካ" አለች። ከአንዱ ሳህን ወደ አንዱ ሳጥን፣ ሌላው ከሌላው። ስንጨርስ ሳጥኖቹን አሽከርክሩ አለች። አሽከረከርን። ጡሩንባ የራሱን በዓይኑ ሊከተል ሲሞክር አየሁት... ሁለት ሳጥን ድረስ ተከተለ፣ ጠፋበት።

ከዚያ ነው ዋናው የመጣው።

"ይሄ ሁሉ ከተተከለ እንደ አምናው በአንድ ሳምንት ይቀላል፣ እንደ አምናው ይበሰብሳል። ግማሹን እንጥላለን።"

 ችግኝ መጣል ለአልሚ ሰው... እኔ እንኳ፣ እንጨት እንጂ ቅጠል የማላውቀው፣ አጠገቤ ያለውን ሳጥን ወደ ራሴ ሳብኩ።

"የማንን?" አለ ጡሩንባ።

"አንተ ንገረኝ፣ የቱ የማን ነው?"

ጡሩንባ ሳጥኖቹን አየ።  ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳና ራሱ ገለበጠው። ቀጥሎ ነርሷ። ከዚያ ሁሉም። የማን እንደተጣለ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የተበደለ የለም።

እትዬ አንድም ሳጥን አልገለበጠችም። ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዳች የቀሩትን ታጠጣ ነበር። አጎንብሳ ሳያት አሰብኩ... ይህች ሴት ለአንድም ሰው "ዋሽተሃል" ሳትል ሰፈር ሙሉ ሰው ዋሽቶ ያበቀለውን በአደባባይ አስቀበረችው፣ ሰዉም አመስግኗት ሄደ። ወንድሟ ሆኜ ይህን ዕድሜ ስኖር አላየኋትም። ወይም አይቼ ስልክ ታገናኛለች ብዬ አልፌያለሁ።

ታኅሣሥ 17

ባለቤቴ አንሶላውን አጠበች። የእውነት አጠበች።

ጥር 4

ችግኙ መሬት ገባ። በእሷ ግማሽም በእኔ ግማሽም፤ የማን የት እንደሆነ ለማወቅ ወረቀት ማውጣት ያስፈልጋል።

የቃሌ ጊዜ አበቃ። እትዬ ምንም አላለችኝም። ባለ መኪናው ግን ወርክሾፑ በር ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር።

"ታዲያስ?"

"አልሸጥም።"

"ማሽኑስ?"

"እጄ አለ።"

ለወንበሩ አዘንኩ። አንዱ እግሩ ተሰንጥቋል። ስጠኝ ልጠግንልህ አልኩት። ሰጠኝ። ቆሞ ጠበቀኝ፤ ቆሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት 19

የውሃ ተራ ዛሬ የኔ ነበር። ባልዲው ወገቤን ገደለው። ከጉድጓዱ እስከ ችግኙ ሥር ቦይ ብንቆፍርስ? ነገ ለእትዬ ልንገራት።

የካቲት 20

ነገርኳት። "እስኪገባህ እየጠበቅኩ ነበር" አለች።

መጋቢት 18

ፍሬው ቀላ። ባለ መኪናው አምና ያልጠራውን ዋጋ እየጠራ ነው፤ ለየብቻ ለሚመጣ ብቻ።

ጡሩንባ ማልዶ ቅርጫት ይዞ የጋራው መሬት ገባ አሉ። እኔ ስደርስ መሃል ላይ ቆሟል፣ ቅርጫቱ ባዶ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"የድርሻዬን ልለቅም መጥቼ ነበር" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ። "ግን የኔ የቱ ነው?"

ወደ ረድፉ አየሁ። ወደ እሱ አየሁ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ እትዬ ቤት ደረሰ። ከዚያ ቅርጫቱን ሞላና ለሆስፒታሉ ጋሪ ጫነው። የመጀመሪያዋን ቅርጫት የጫነው እሱ ነው።

ሚያዝያ 9

በየሳምንቱ ጋሪው ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ጓሮዎች በተራቸው ተዘርተዋል፣ ደርሰዋልም። አንዱ ሲያልቅ አንዱ ይቀጥላል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ደውላ ሽንኩርት የላችሁም ወይ አለች።

እትዬ ስልኩን ዘግታ ደነገጠች። "ሽንኩርት" አለች፣ "እሱንስ በሚቀጥለው ዕጣ..."

ሳህን ስትወለውል አየኋት። ሌላ ነገር አላት ማለት ነው።

ግንቦት 6

የክረምቱ ዕጣ። ያው ግቢ፣ ያው ባልዲ፣ ለካሮትና ለሽንኩርት። ባለቤቴ እናቷን ልትጠይቅ ስለሄደች ለጓሯችን ዕጣውን እኔ አነሳሁ።

ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ጠብ። ነርሷ ባልዲው በደንብ አልተነቀነቀም አለች። አንዱ ባለፈው ዕጣ ሁለተኛ የነበረ አሁንም ሁለተኛ መሆን የለበትም አለ። ጡሩንባ ስሙ እስኪያንሰው ጮኸ። "ቃል ከሆነ ቃል ነው! አሁን ተራዬን እንደማከብር ስለማውቅ ነው የምጮኸው! መጨረሻ ከደረሰኝ መጨረሻ ነው የምዘራው፣ ስለዚህ አይድረሰኝ!"

አልደረሰውም። መጨረሻው ለእኔ ደረሰኝ።

ተነስቼ ቆምኩ። ወረቀቱ እኩል አልተጠቀለለም፣ የኔው ወፍራም ነበር፣ ይደገም አልኩ። ጮህኩ። እኔ! በዓመት አንዴ ድምፄን የማላነሳ ሰው። ጉድጓድ ያዋጣ ሰው እንዴት መጨረሻ ይሆናል አልኩ። ጉድጓዱንማ አታንሳ አሉኝ፣ የጋራ ነው። ልክ ናቸው፤ ይበልጥ ተናደድኩ።

ትንፋሼ ሲያልቅ ወደ እትዬ ዞርኩ። ባልዲውን ደረቷ ላይ ታቅፋ ትስቃለች። እንባዋ እስኪፈስ።

"ምን ያስቅሻል?"

"ገባ" አለች። "መስመሩ ገባ።"

ግንቦት 27

የነርሷ መስኮት እንደገና አልዘጋ አለ። መሰላል ላይ ወጣሁ። ተራው ገና የሁለተኛው ጓሮ ነው።

አንሶላዎቹ ሁሉ ገመድ ላይ ናቸው። የጡሩንባ አንዱ ብቻ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሥራዬን ትቼ ወረድኩ፣ አጥሩን ዞሬ ገባሁ፣ ጫፉን አነሳሁ።

ሥሩ ሣር ብቻ ነው። አንሶላውን ከገመዱ የጣለው ነፋስ ነው። አራግፌ ገመዱ ላይ ሰቀልኩት።